የድንጋይ ከሰልን ማን አሰናበተው?

(በወገኖች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ሲናገር እንደሚረዝም ስለማውቅ አሳጥራለሁ። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዓለም የመጀመሪያው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የሕዝብ ኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1882 ለንደን ላይ ተከፈተ። የብሪታንያ የመጨረሻው፣ ራትክሊፍ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ተዘጋ። በ2012 እንኳ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማ ከዚሁ ከሰል ይገኝ ነበር።

ጋዝና ነፋስ ተክተውታል፤ እውነት ነው። መንገዱን የጠረገው ግን ሕግ ነው። በ2008 የሌበር መንግሥት የአየር ንብረት ሕግ አወጣ። በ2013 ተቀናቃኞቹ ኮንሰርቫቲቮች የመሩት ጥምር መንግሥት በካርቦን ላይ ተጨማሪ ዋጋ ጣለ፤ ከሰል ማንደድ አላዋጣ አለ። በ2015 የመዝጊያ ቀነ ገደብ ተነገረ። የመጨረሻው ማመንጫ ሲዘጋ ሥልጣን ላይ የነበረው እንደገና ሌበር ነው። አንዱ የጀመረውን ሌላው አላፈረሰም።

ያለ ዕንባ አለፈ ማለቴ ግን አይደለም። በ1984 ማዕድን ቆፋሪዎች ለአንድ ዓመት ያህል ሥራ ያቆሙት ጉድጓዶቹ ሲዘጉ እንጀራቸውም ስለሚዘጋ ነበር።

እኛስ? ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ ዝናብ ሲያጥር መብራትም ያጥራል። በነፋስ፣ በፀሐይና በእንፋሎት ማገዝ የአንድ መንግሥት ዕድሜ የሚበቃው ሥራ አይደለም። ጽናቱ የለንም አይባልም፤ በ2011 ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 3 ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አይቷል። ለአንድ ግድብ ያሳየነውን ጽናት ለፖሊሲያችንም እናሳይ፤ በሕግም እንሰረው።