ወደ አንኮበር በየትኛው በር እንግባ?

በመጥሪያው ላይ የሰፈረው ርእስ «በአንኮበር ዙሪያ የእግርና የብስክሌት የቅርስ መንገዶች» ይላል። ብስክሌቱን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ከወዲሁ ፈገግ ሲሉ አያለሁ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሲራራ ንግድ ታሪክ ላይ ስለ ሆነ አህያና ግመል ካገኘሁ በቀላሉ አልለቅም።

ዛሬ ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው የሚነሣው ከደብረ ብርሃን ነው። ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በገብስ ማሳ መካከል፣ በብርዱና በነፋሱ ይጓዛል። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የአፋርን በረሃ በጭጋግ ውስጥ ቁልቁል ያያል። ጎረቤላ ደርሶ፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ ነበረበት ኮረብታ ወጥቶ፣ ከፍርስራሹ ፎቶ አንሥቶ፣ በሎጁ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። እኔ ይህን በጓሮ በር ገብቶ በጓሮ በር መውጣት እለዋለሁ። የቤቱ ፊት ወደ ምሥራቅ ነው።

እስቲ እንግዶቹን እንቁጠራቸው። ሚስዮናውያኑ ክራፕፍና ኢዘንበርግ በ1839 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥተው መጡ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በዚያው ሰሞን መጣ። ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ፣ ጠመንጃና መድፍ አስጭኖ በ1841 መጣ። ቻርልስ ጆንስተን በቀጣዩ ዓመት ተከተለ። ማርኬዝ አንቲኖሪ በ1876፣ ባለቅኔው ራምቦም ጠመንጃ ሊሸጥ በ1887 ደረሱ። ሁሉም ከባሕር ተነሥተው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ አዋሽን ተሻግረው ከታች ወደ ላይ ነው የወጡት። ራምቦ ሲደርስ ምኒልክ በሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩና ሰውየው እስከ እንጦጦ መኳተን ግድ ሆነበት። ይህ የሌላ ቀን ወሬ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከእነዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ዛሬ እኛ በምንገባበት በኩል አለመግባቱ ነው።

አሁን ወደ ምወደው ነገር ልግባ። አልዩ አምባ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ተቈረቈረች? ከአንኮበር በታች፣ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ፣ ቆላውና ወይና ደጋው በሚገናኙበት ተረተር ላይ ትገኛለች። ብዙ ጊዜ «የገበያ ከተማ ስለ ነበረች» ተብሎ ይታለፋል። ይህ መልስ አይደለም፤ ገበያው ራሱ ለምን እዚያ ቆመ? ለረጅም ጊዜ መልሱን በሰነድ ውስጥ ስፈልግ ቆየሁ። በቅርቡ ግን ዳገቱን ከሁለት አህያ ነጂዎች ጋር በእግሬ ስወጣ ነገሩ በራሱ ተገለጠልኝ።

የግመል እግር ለአሸዋ የተሠራ ነው። በክረምት ጭቃ ይንሸራተታል፤ በድንጋይ እርከን ላይ ከነጭነቱ ለመውጣት ይቸገራል። ብርዱም አይስማማውም። አፋሩ ግመሉን ወደ ደጋ አውጥቶ መግደል አይፈልግም። ደገኛው በበኩሉ ንዳዱን ፈርቶ ቆላ ወርዶ ማደር አይፈልግም፤ በቅሎውም በበረሃው ውኃ ጥም አትዘልቅም። እንግዲህ አንዱ ሳይበርደው፣ ሌላው ሳይታመም ሁለቱም ውለው የሚያድሩበት ቦታ ያስፈልጋል። አልዩ አምባ ይኼው ነች። የግመሉ ጭነት ይወርዳል፤ በአህያ፣ በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ይከፋፈላል። ከዚያ በላይ ያለው ዳገት የደገኛው ነው። ልብ በሉ፤ ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ዋጋ የሚነገርበት ቦታም ነው። በዓርቡ ገበያ ላይ አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና ከሐረር የመጣው ነጋዴ የተገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ከታች የሚወጣው ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብና ጠመንጃ ነበር። ከላይ የሚወርደው ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ነው። የአሳል ሐይቅን ጨው አፋሮች በግመል ያመጣሉ፤ ከአርሆ የጨው ሜዳ ተፈልጦ በሰሜን በኩል የሚዞረው አሞሌ ደግሞ እንደ ገንዘብ ያገለግላል። ለትልቅ ግዢ ጠገራ ብር፣ ለጎመንና ለበርበሬ አሞሌ። አሞሌው ከተፈለጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ የዋጋውን ልዩነት የሚፈጥረው ደግሞ ዳገቱና መንገዱ ነው። ይቅርታ፣ ተማሪዎቼ ይህን ስንት ጊዜ እንደ ሰሙት ፊታቸው ይናገራል።

ደግሞም ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ከላይ የሚወርደው ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም። ከአልዩ አምባ አጠገብ ባለው አብዱል ረሱል በተባለው ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ በዚሁ መንገድ ወደ ታጁራ ተነድተዋል። የቅርስ መንገድ እንሥራ ስንል የንጉሡን አዳራሽ ብቻ እያሳየን ይህን ብንደብቅ ጎብኚውን ብቻ ሳይሆን ልጆቻችንንም እናታልላለን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ እንዲነሣ የማይወድ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም አነሣዋለሁ።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። መንገዱ የንግድ መስመር ብቻ አልነበረም፤ መቆለፊያም ነበር። በበረሃው ጠረፍ በኩል ፋሬ ላይ ኬላ አለ። የምሥራቁን በር የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ ጎንቾ ላይ ተቀምጠው የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ዘመዶች ግዞት ቤትም ይጠብቃሉ። እንግዳ ከታች ደርሶ «ልውጣ» ቢል ፈቃድ ከላይ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሃሪስም ያን ሁሉ ስጦታ ይዞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ተጉላልቶ ነበር፤ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል የተፈረመው እሱ በመጣበት ዓመት በኅዳር ነው። ጆንስተን ደግሞ በንዳድ እየተንቀጠቀጠ አልዩ አምባ ላይ ለወራት ከርሟል። የአውሮፓ ተጓዦች ስለ መንገዱ ክፋት ሁልጊዜ ያማርራሉ። እኔ ግን ዳገቱ ሳይጠረግ የቆየው በቸልተኝነት ነው ብዬ አላምንም። የታችኛው እንግዳ ልቡ እስኪጠፋ እንዲለፋ፣ ደርሶም ጉልበቱ ዝሎ እጅ እንዲነሣ ታስቦ ይመስለኛል። ግምት ነው። ከእናንተ መካከል የሚያፈርስልኝ ካለ ደስ ይለኛል።

እስካሁን ያልኩትን በአጭሩ ልድገመው፤ ግመል ይቆማል፣ አህያ ይወጣል፣ እንግዳ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ እንዴት ተረሳ? ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የበረሃው ሲራራ ጭነቱን አጣ። አንኮበር ቀስ በቀስ የገጠር መንደር ሆነች፤ ፊቷንም ወደ ደብረ ብርሃን አዞረች። የእግር መንገዱ ግን አልሞተም። በገበያ ቀን ብትወጡ አህዮቹ እዚያው ናቸው።

አንድ ጊዜ ከጥቂት ወጣቶች ጋር ሆነን መንገዱን በቀለም ልናመለክት አስበን ነበር። ጤፍ የጫነች አህያ የምትነዳ አንዲት ሴት አጠገባችን ቆመች።

«አባባ፣ ቀለሙን ለማን ነው የሚቀቡት?» አለችኝ።

«መንገዱን ለማያውቅ እንግዳ ነው፣ ልጄ» አልኳት።

«የማያውቅ ካለ ይጠይቀን እንጂ! ድንጋይ አይቶ በዝምታ የሚያልፍ ምን እንግዳ ነው?» ብላ አህያዋን ነዳች።

ወጣቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ቀለሙን ወደ ቤት መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ለመንገዱ ምልክት ይሠራለት በሚሉ ስብሰባዎች ላይ ሁልጊዜ የእሷን ክርክር ይዤ እቀርባለሁ፤ ሁልጊዜም እሸነፋለሁ።

በአንኮበር አጠገብ ስላለው ሌት ማረፊያም ጥቂት ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው። አንቲኖሪ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው አርፎ እዚያው ተቀብሯል። ሰውየው ወፍ ሰብሳቢ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ በአካባቢው እያደነ፣ ቆዳውን እያደረቀ ወደ አገሩ ይልክ ነበር። ሆኖም የአንኮበርን ስም የያዘችውን ያቺን ትንሽ ግራጫማ ወፍ ለሳይንስ አላስተዋወቃትም። ጆን አሽ የተባለ የወፍ አጥኚ አግኝቷት በሳይንስ የተመዘገበችው በ1979 ነው። የምትኖረው ከአፋፉ ላይ፣ በገደሉ ጫፍ ነው። የማርኬዙ ጣቢያ ከታች ነበር። እንግዲህ ዳገቱን መውጣት ጥቅም አለው።

አስተናጋጁ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። መጥሪያው ቃል ወደ ገባው ጉዳይ በፍጥነት ልሂድ።

የእግር መንገዱ ከአልዩ አምባ ተነሥቶ ወደ አንኮበር ይውጣ። ጎብኚው በመኪና ወርዶ ታች ይደር፣ ከታች ሰዎች ይመገብ፣ በማግሥቱ ማለዳ ይውጣ። ሌላው መንገድ በሌት ማረፊያ በኩል ይዙር። ሦስተኛው ወደ ወፍ ዋሻ ደን ይሂድ፤ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚያ በተወሰደ የጽድ ዘር ነው የሚለው ትውፊት እንዲሁም ጭላዳዎቹ ለአንድ ቀን ጉዞ ይበቃሉ። ለማደሪያው አዲስ ነገር መፍጠር አያሻንም፤ በመቄት በኩል ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት፣ ጎብኚው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ የሚሄድበት አሠራር ከተጀመረ ቆይቷል። ሰዎችን ልከን እንይ። ይህ ሁሉ ሰላም ሲኖር ነው፤ ያለ እሱ የምናገረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አንድ ጥብቅ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የመኪና መንገድ ሲሰፋ ተቈፍሮ የሚጣለው አፈር የእግር መንገዱን ይቀብረዋል። ጎርፉም በአቋራጩ እንዲወርድ ይለቀቃል፤ በሁለት ክረምት ገደል ይሆናል። ስለዚህ ከምልክቱ፣ ከመዝናኛውና ከቡና ቤቱ በፊት የውኃ ማፋሰሻ ይሠራለት። አህያ የማይወጣው መንገድ ለጎብኚ ቢጠረግ ዋጋ የለውም።

ብስክሌቱ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ብስክሌተኞቻችን ተወዳድረው ነበር፤ ስፖርቱ እንግዳ አይደለም። ከደብረ ብርሃን እስከ አፋፉ ያለው ደጋ ለብስክሌት የተመቸ ነው፤ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ብዙም አይከብድም። የደብረ ብርሃን ወጣቶች ብስክሌት ቢያከራዩ፣ በየመንደሩ ጎማ የሚለጥፍ አንድ ሰው ቢሠለጥን ይበቃል። ከአፋፉ በታች ግን ብስክሌት አይውረድ። ፍሬን ይግላል፣ ጎብኚው ይጋጫል፣ ከሁሉ በላይ አህዮቹ ይደነግጣሉ። ጎብኚው አፋፉ ላይ ብስክሌቱን አቁሞ በእግሩ ይቀጥል። ወደ አልዩ አምባ በእግር ወርዶ በማግሥቱ ይመለስ ብለን የምንፈቅድለት እንኳ ቢኖር ጠዋት ሲነሣ ዳገቱን የሚጀምረው ከታች ስለሚሆን ከእኔ ጋር አይጣላም።

የሚቀረው ገንዘቡ ነው። የአስጎብኚው ክፍያ የሚቆረጠው ጎረቤላ ነው ወይስ አልዩ አምባ? በስብሰባ ሁሉ የሚያጨቃጭቀን ይህ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ትኬቱ ከታች ይቆረጥ፣ የአርጎባና የአማራ አስጎብኚዎች በየተራ ይያዙት። የጎረቤላ ሰዎች እጃችሁን አውጥታችኋል፤ እሺ፣ ከእናንተ እንጀምር።