«ድራይ» ማለት ደረቅ ብቻ ነውን?



ዛሬ የምንነጋገረው «ድራይ» ስለምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ለገበሬ ምን ይረባል? ትሉን ይሆናል። ቃሏ ግን ሳትጠሯት በማዳበሪያ ጆንያና በመድኃኒት ካርቶን ላይ ተጽፋ ከቤት ትገባለች።

እኛ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ስንገልጥ «ድራይ፦ ደረቅ» ይለናል። እውነት ነው፤ ደረቅ እንጨትና ደረቅ ሳል በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው። ነገር ግን እንግሊዞች «ድራይ» ላም ሲሉ የከሳች ላም ማለታቸው አይደለም፤ እኛ ነጠፈች የምንላት ናት። ከብት አርቢዎቻቸው ላሟ ልትወልድ 2 ወር ገደማ ሲቀራት ጡቷ እንዲያርፍ ማለብ ያቆማሉ። ያን ጊዜ ስሟ «ድራይ» ነው፤ ሆዷ ግን ጥጃ ይዟል።

«ድራይ» ወይን ጠጅም አለ። የሚጠጣ ነገር እንዴት ደረቅ ይሆናል? ጣፋጭነት የሌለው ማለት ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ «ደረቁን ቅዳልኝ» ያለ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። በአሜሪካ ደግሞ መጠጥ መሸጥ የተከለከለበት ወረዳ «ድራይ» ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1933 ክልከላው በመላ አገሪቱ ነበር።

የእኛም «ደረቅ» በበኩሉ ብዙ ይዞራል። ምክር የማይሰማ ሰው ደረቅ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ቼክ ደረቅ ነው፤ ነጋዴ ሲያታልለን በደረቁ ላጨን እንላለን። በእነሱ ግን «ድራይ» ቀልድ ማለት ፊትን ሳይፈቱ የሚቀለድ ነው።

ወደ ጆንያው እንመለስ፤ ገንዘባችሁ ያለው እዚያ ነውና። «ኪፕ ድራይ» የሚለው «እርጥበት አታስነኩ» ማለት ነው። ቃሏ በእንግሊዝኛ «አድርቅ» የሚል ትእዛዝም ስለምትሆን፣ ነገሩን በግማሽ የሰማ ሰው ዩሪያውን ፀሐይ ላይ ሊያሰጣው ይችላል። ጉዳቱ የራሱ ነው! ዩሪያ እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ተከፍቶ ከተተወ ይጓጉላል፤ ከጓጎለ በኋላ በማሳ ላይ አስተካክሎ መበተን አስቸጋሪ ነው። ጆንያውን አጥብቃችሁ እሰሩት፤ መሬት ሳይነካ በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጽሑፉ ቢደበዝዝ ሥዕሉን ፈልጉ፤ ጃንጥላና የዝናብ ጠብታ ከተሳለበት መልእክቱ ያው ነው።

በመድኃኒት ላይ ደግሞ ቃሏ ብዙ ጊዜ «ኩል» ከምትባለው ጋር ትመጣለች። ቀዝቀዝ ያለና እርጥበት የሌለበት ቦታ ማለት ነውና፣ ምድጃው አጠገብም እንስራው አጠገብም አይሆንም።