ሚዛኑ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው የሚዋሸው



ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ ስለ «አኪዩሬት» እና ስለ «ፕሪሳይስ»። እኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ትክክለኛ» ብለን እናልፋቸዋለን።

የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ፣ 100 ግራም መሆኑ የተረጋገጠ የሚዛን ድንጋይ ሦስት ጊዜ መዘንኩ። ሚዛኑ 98.2፣ 98.1፣ 98.2 አለኝ። ቁጥሮቹ ስለተቀራረቡ ደስ ብሎኝ ሪፖርቴ ላይ «ሚዛኑ አኪዩሬት ነው» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ኋላ ራሴ ደረስኩበት። «አኪዩሬት» ልኬቱ ለእውነተኛው መጠን ሲቀርብ ነው፤ «ፕሪሳይስ» ደግሞ ልኬቶቹ እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ። የእኔ ሚዛን ሁለተኛውን እንጂ የመጀመሪያውን አልነበረም። ይህ ታዲያ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በዚያ ሚዛን መድኃኒት ቢመዘን፣ አሳንሶ ስለሚያሳይ በሽተኛው ከታዘዘለት በላይ ይወስዳል። መቶ ጊዜ ደጋግመን ብንመዝንም ስህተቱ አይገለጥልንም።

ከዓመታት በኋላ ቀዩን እስክሪብቶ እኔ ያዝኩት። አንዲት ተማሪዬ ያንኑ ስህተት ሠርታ ነጥብ ቀነስኩባት። ቢሮዬ መጥታ «መምህር፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ።

«እስኪ ስለ ሚዛኑ በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት።

«ሚዛኑማ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው የሚዋሸው» አለች።

ነገሩን አሳምራ ታውቀዋለች፤ የጎደላት ስሙ ብቻ ነበር። ነጥቧን መለስኩላት። ከእሷ በፊት ሳልጠይቅ የሰረዝኩባቸውን ግን ከየት አምጥቼ ልመልስላቸው? ከመካከላቸው ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ አትጠፉም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አማርኛ መለየት አይችልም ማለቴ እንዳይደለ ልብ በሉ። እኛ መጽሐፍ እንዋሳለን፣ ገንዘብ እንበደራለን፤ እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ቦሮው» ይላቸዋል። እያንዳንዱ ቋንቋ አንዱን ሲለይ ሌላውን ይደርባል። ተማሪ የሚወድቀው እንግዲህ ድርቡ ላይ ነው።

ስለዚህ በሥራ ላይ ያላችሁ መምህራን፣ አደራ! ከመሰረዛችሁ በፊት ተማሪውን አፉን በፈታበት ቋንቋ አንድ ጊዜ ጠይቁት። ነገሩን ካወቀው፣ ቃሉን ማስተማር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።