የባሕር ሸሽ መሬትና የቀይ ባሕር ነዳጅ

(በወረታ ከተማ ለመምህራን፣ ለነጋዴዎችና ለሩዝ አምራች ገበሬዎች ከቀረበ ንግግር። ተናጋሪው የግል ጋዜጠኛ ነው።)

 

እዚህ ልመጣ ስነሣ አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ። «ስለ ቀይ ባሕር ነዳጅ ልታወራ ወረታ ትሄዳለህ? ሰዎቹ የቸገራቸው የውሃ መሳቢያ ሞተር ናፍጣ ነው!» አለኝ። እኔም «እሱን ብዬ እኮ ነው የምሄደው» አልኩት።

እኔ የዚሁ ሜዳ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ከሩቁ ባሕር በፊት ከቅርቡ ልጀምር። ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ፣ ጣናም ሆዱ ሲነፋ ሜዳችን ባሕር ይሆናል። ከመስቀል ወዲህ ውሃው ቀስ እያለ ይመለሳል። ከሥሩ የሚወጣውን ጥቁር መሬት «ባሕር ሸሽ» እንለዋለን። ባሕር ሸሽ ምን ያህል ሰው እንዳጋደለ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ልጅ ሳለሁ የአባቴና የጎረቤታችን ድንበር አንዲት የሾላ ዛፍ ነበረች። አንድ ክረምት ጎርፍ ነቅሎ ወሰዳት። ውሃው ሲሸሽ ሁለቱም በሬያቸውን ጠምደው መጡ። አባቴ «ዛፏ እዚህ ነበረች» ሲል ጎረቤታችን ደግሞ «የለም፣ እዚያ ነበረች» አለ። ዱላ ተነሣ፤ ሴቶች ጮኹ። ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ድንበር አላበጁም። «ድንበሩን ለከርሞ እናየዋለን። መሬቱ ግን ፆሙን አይደር። አንዳችሁ ዘር፣ አንዳችሁ በሬ አውጡና ጓያውን እኩል ተካፈሉ» አሉ። ሁለት ዓመት እንደዚያ በላን። ድንበሩ የተለየው በሦስተኛው ዓመት ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ባሕር እንሂድ። በባሕር ውስጥ ነዳጅ እንዴት ይፈለጋል? መጀመሪያ አንድ መርከብ ረጅም ገመድ ከኋላው እየጎተተ ይመጣል። በታመቀ አየር ውሃው ውስጥ ድምፅ ይተኩሳል። ድምፁ ከባሕሩ ወለል በታች ካለው ድንጋይ እየነጠረ ሲመለስ በገመዱ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ያዳምጡታል። ከዚያ የተገኘው ሥዕል «እዚህ ጋ ሊኖር ይችላል» ይላል እንጂ «አለ» አይልም። «አለ» የሚለው ጉድጓዱ ብቻ ነው። አንድ ጉድጓድ በባሕር ላይ ለመቆፈር ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ባሕሩ የማን ነው?» ፈራሚው መንግሥት የሰው ማሳ እያከራየ ከሆነ ኩባንያው ገንዘቡን ውሃ ውስጥ ጣለ ማለት ነው። መንግሥታትም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ባሕሩ የኔ ነው ለማለት ሲፈልጉ ከወታደር በፊት የነዳጅ ውል ይልካሉ!

የኛም አገር ይህን አድርጋለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣችው አዋጅ የባሕር ክልሌ 12 የባሕር ማይል ነው ብላ ነበር። ከዚያ በፊት በጣሊያን ጊዜ በዳህላክ ደሴቶች ቁፋሮ ተሞክሯል። በንጉሡ ዘመን ሞቢል ከምጽዋ ወዲያ ባሕሩን ቆፍሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአንዱ ጉድጓድ ጋዝ ፈንድቶ ወጣ። ነገር ግን ለገበያ የሚሆን ነዳጅ አልተገኘም። ቀይ ባሕር ከወለሉ ሥር እጅግ ወፍራም የጨው ንብርብር አለው፤ ድምፁንም ቁፋሮውንም ያስቸግራል። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ፣ ሰሜኑ በጦርነት እየነደደ፣ አዲስ አበባ የቀይ ባሕርን ክልል ለአሞኮና ለሌሎች ኩባንያዎች በውል ሰጠች። ከማዶ የመንም ለራሷ ኩባንያዎች ትሰጥ ነበር። በመሐል ግን ማንም በወጉ ያልተካፈላቸው ደሴቶች ነበሩ።

ሐኒሽ ይባላሉ። ውሃ የሌላቸው፣ ዓሣ አጥማጅ የሚያርፍባቸው ድንጋዮች ናቸው። ቱርክ በሎዛን ውል እ.ኤ.አ. በ1923 ስትለቃቸው «የማን እንደሚሆኑ ባለጉዳዮቹ ይወስናሉ» ተብሎ ታለፈ። ሰባ ዓመት ያህል ማንም አልወሰነም። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ሆነች፤ ኢትዮጵያም ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሕር የሌላት ሆነች። በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ኤርትራና የመን በሐኒሽ ተዋጉ። በዚያው እ.ኤ.አ. 1995 ኤርትራ አናዳርኮ ከሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የባሕር ነዳጅ ውል ተፈራርማ ነበር። ለድንጋይ ሰው ይሞታል ወይ ብላችሁ እንዳትገረሙ፤ በባሕር ሕግ ድንጋይ ያለው ሰው በዙሪያው ውሃ ይቆጥራል፤ ውሃ የቆጠረ ደግሞ ሥሩን ይቆጥራል።

አሁን ጉድ ስሙ! ከአምስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1988 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ፓሪስ ላይ ጉዳያቸውን ለግልግል ለመስጠት ሲፈራረሙ ምስክር ሆነው ከቆሙት ሦስት አገሮች አንዷ ማን ነበረች? ኢትዮጵያ! ከፈረንሳይና ከግብፅ ጋር ሆና። በዚያ ባሕር ለነዳጅ ፈላጊ ውል ስትሰጥ የኖረች አገር የሁለት ጎረቤት ድንበር ምስክር ሆና ፈረመች። ማስታረቁ ደግ ሥራ ነው፤ አልነቅፍም። ግን ያን ጊዜ «እኛስ ምን ቀረን?» ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አላስታውስም። የጠየቁ ጋዜጦች ነበሩ፤ አዘጋጆቻቸው የት እንደሰነበቱ እናንተም ታውቃላችሁ።

ገላጋዮቹ ፍርዳቸውን በሁለት ጊዜ ሰጡ፤ አንዱን መስከረም 29 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ሁለተኛውን ታኅሣሥ 7 ቀን 1992 ዓ.ም.። ዙቀርና ሐኒሽ ለየመን፣ ወደ ኤርትራ ዳርቻ የተጠጉት ትናንሽ ደሴቶች ለኤርትራ ሆኑ። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው ግን ስለ ነዳጅ ውሎቹ ያሉት ነው። ሁለቱም ወገኖች የውል ክምር ይዘው ቀርበው ነበር፤ የኤርትራ ክምር ውስጥ የኢትዮጵያ ውሎችም ነበሩበት። ገላጋዮቹ አገላብጠው አይተው በአጭሩ እንዲህ አሉ፦ እነዚህ ውሎች ደሴቶቹ የማን እንደሆኑ አያስረዱም፤ በሁለቱ ዳርቻዎች መሐል ለሚሄድ መስመር ግን መጠነኛ ድጋፍ ይሰጣሉ። በኛ አማርኛ፣ የሰው ማሳ ማከራየት ባለማሳ አያደርግም።

አንድ ሌላ ነገርም ወሰኑ፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ደሴቶቹ የማንም ይሁኑ፣ የሁለቱም አገር ድሀ ዓሣ አጥማጆች እንደ አባቶቻቸው በዚያ ውሃ ያጥምዱ፤ በደሴቶቹ ይረፉ፤ ዓሣቸውን በሁለቱም ወደብ ይሽጡ አሉ። በጣና ላይ በታንኳ ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለነዳጁም ቢሆን፣ መስመሩን የሚያቋርጥ ነገር ከተገኘ ተነጋገሩ አሏቸው። አናዳርኮ ቆፈረ፤ ለገበያ የሚሆን ነገር አጥቶ ሄደ። ያ ሁሉ ደም ፈሶ ጉድጓዱ ደረቅ ሆነ!

ወደ ደቡብ ብንወርድ ኬንያና ሶማሊያ አሉ። ኬንያ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ይሂድ አለች፤ ሶማሊያ ከሁለቱም ዳርቻ እኩል እየራቀ ይውረድ አለች። በመሐል ወደ 100,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ባሕር ተንጠለጠለ። ኬንያ ከዚያ ውስጥ ለኩባንያዎች አደለች። ሶማሊያ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ሔግ ከሰሰች። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያ «ሶማሊያ የኔን ባሕር ለንደን ላይ ለጨረታ አቀረበች» ብላ አምባሳደሯን ጠራች፤ ሶማሊያ አላደረግሁም አለች። ጥቅምት 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ፍርዱ ወጣ፤ አብዛኛው ለሶማሊያ ሆነ። ኬንያ አልቀበልም አለች። ፍርድ ቤቱ ኬንያ ቀደም ብላ ስላስጠናችውና ስላስቆፈረችው ካሳ ትክፈል አላለም፤ በቅን ልቦና የኔ ነው ስትል የኖረችው ነውና። ከዚያ ወዲህ ቱርክ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ከሞቃዲሾ ጋር የነዳጅ ስምምነት ፈረመች፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይም «ኦሩች ሬይስ» የተባለችው የጥናት መርከቧ ሶማሊያ ደረሰች።

እዚህ ላይ የኛ ነገር ይመጣል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ተናገሩ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። የሶማሌላንድ መሪዎች 20 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ለ50 ዓመት በኪራይ ነው አሉ። ሶማሊያ «የኔን መሬት!» ብላ ተነሣች። ከዓመት ገደማ በኋላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ተፈረመ። ያ የመጀመሪያው ሰነድ ግን ለሕዝብ አልወጣም። የወረታ ገበሬ የማሳ ኪራይ ሲዋዋል ሦስት ምስክር ያስፈርማል፤ የመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ውል ግን ምስክሩ ማን ነው?

ወጣቶች «ባሕሩን ብናገኝ ነዳጅም እናገኛለን» ሲሉ ስለምሰማ ሕጉን ልንገራችሁ። በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው የባሕር ሕግ (ኢትዮጵያ ፈርማዋለች፤ አላጸደቀችውም) ባሕር የሌለው አገር ወደ ባሕር የመውጫና የመመለሻ መብት አለው። ከጎረቤቶቹ ባሕር ከተረፈ ዓሣ በስምምነት እንዲካፈልም ይፈቅዳል። ከወለሉ በታች ካለው ነዳጅ ግን ምንም የለውም! ያ የዳርቻው ባለቤት ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ ጠባብ ነው፤ እያንዳንዱ አገር እስከ 200 የባሕር ማይል ይቁጠር ቢባል መሐሉ ላይ ማንም ያልቆጠረው ውሃ አይተርፍም። ዳርቻ የተከራየ ሰው መርከብ ማቆሚያ ተከራየ እንጂ ከሥሩ ያለውን አልተከራየም። ቤት የተከራየ ሰው ከጓሮው ወርቅ ቢወጣ የማን ነው? የአከራዩ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ በግንቦት 1966 ዓ.ም. አንድ ነገር ተስማሙ። በቀይ ባሕር መሐል ጥልቅ ውስጥ ብረት፣ መዳብና ዚንክ ያለበት ጭቃ አለ። ሁለቱ ወለሉ 1,000 ሜትር ጥልቀት እስከሚደርስ በየዳርቻችን ያለው የየራሳችን፣ ከዚያ ያለፈው የመሐሉ የጋራ ይሁን ተባባሉ። ድንበር ላይ አልተጨቃጨቁም። ጭቃው እስከ ዛሬ ለገበያ አልወጣም፤ ነገር ግን በሱ ምክንያት አንድ ሰው አልሞተም። ይህ የአባቴና የጎረቤታችን ጓያ ነው። ከሐኒሽ ጦርነት ሃያ ዓመት ቀድሞ በዚያው ባሕር ላይ የተደረገ ነው።

ታዲያ ናፍጣችሁስ? አገራችን አሰብ ላይ ሶቪየቶች የሠሩት ማጣሪያ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ጦርነቱ አሰብን ከነመንገዱ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ነዳጃችን በጂቡቲ ተቀድቶ በቦቴ ይመጣል። በዚች ከተማ ዳር ደረቅ ወደብ ሲሠራ በመተማ በኩል ፖርት ሱዳንም ይከፈትልናል የሚል ተስፋ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን በጦርነት ተቃጠለች። ክረምት ላይ ደግሞ በራሳችን ክልል ጦርነት ተነሣ። መንገድ ሲዘጋ ቦቴው ይቆማል፤ ቦቴው ሲቆም ናፍጣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል፤ የሽንኩርቱ ማሳ በመጋቢት ፀሐይ ይከስላል። ነገ ጠዋት ቀይ ባሕር ሙሉውን የኛ ነው ቢባል እንኳ ከጥናት እስከ ምርት አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሽንኩርቱ አሥር ዓመት አይጠብቅም። እናንተን የሚነካው ቅርቡ ጥያቄ ጂቡቲ የተቀዳው ናፍጣ ወረታ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል፣ በየኬላውስ ምን ይከፈልበታል የሚለው ነው። ይህን ለማጣራት ሔግ መሄድ አያስፈልግም።

ከመቀመጤ በፊት፣ መንገድ ላይ አንድ አባት «ጣና ሥርስ ዘይት የለም ወይ?» ብለውኛል። በአማራ ክልል ዘይት ከመሬት ወጥቶ የታየው ወሎ ውስጥ ወረኢሉ አካባቢ ነው፤ በጣና ሥር ተገኘ የሚል ማስረጃ አላየሁም። ቢገኝ እንኳ እምቦጩን መጀመሪያ ማንሣት አለብን። ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ እጅዎን ያወጡት አባት ይጀምሩ።