የአንዱን ሞተር ሳይክል የጎን ሣጥን በሌላው ላይ ስለ ማሰር



በቅሎ የጫነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ለአንዲቱ በቅሎ የተሠራ ኮርቻ በሌላይቱ ጀርባ ላይ መቀመጡ አይቀርም፤ ነገር ግን የቀን መንገድ ሳይሄዱ ጀርባዋን ይልጠዋል። ይህን ያሳሰበኝ በአሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የጻፈልኝ ደብዳቤ ነው። እርሱ የሚነዳው ሶፍቴል የተባለውን የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ሳይክል ሲሆን፥ ከሮድ ኪንግ ላይ የተፈታ ጥንድ የጎን ሣጥን በርካሽ ገዝቶ፥ «ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ ስለ ሆኑ ምን ያስቸግራል?» ይለኛል።

ፋብሪካው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተ ነው፤ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውም እውነት ነው። ዳሩ ግን ወንድማማቾች ሁሉ አንድ ቁጥር ጫማ አይጫሙም።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው ሮድ ኪንግ ሁለት አሞርዛተሮቹን በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ አቁሞ ያሳያል፤ የሣጥኑም የውስጥ ገጽ ለእነርሱ ቦታ እንዲለቅ ሆኖ ተሠርቷል። በ1984 ዓ.ም. ብቅ ያለው ሶፍቴል ግን አሞርዛተሮቹን ከቴላዮው ሥር አጋድሞ ደብቋል፤ ከ2018 ዓ.ም. ሞዴል ወዲህ ደግሞ አንድ ብቻ ሆኖ ከመቀመጫው ሥር ገብቷል። ስለዚህ የሮድ ኪንጉ ሣጥን የሚንጠለጠልባቸው ብረቶችና ከታች የሚያርፍበት ድጋፍ በሶፍቴል ላይ በቦታቸው አይገኙም። በሣጥኑ ውስጥ ሩብ ዙር ሲዞሩ የሚቆልፉት ሁለት ብሎኖች የሚይዙት ነገር ካላገኙ፥ ሣጥኑን በገመድ ማሰር ጭነቱን ለመንገድ መስጠት ነው። ብረቱን አስለክቶ ማሠራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማርሚታው ነው። ሮድ ኪንግ በየጎኑ አንድ አንድ ሲኖረው፥ በብዙዎቹ ሶፍቴሎች ሁለቱም በቀኝ በኩል ይደረደራሉ። የቀኙ ሣጥን ተጠግቶ ከታሰረ በግለቱ ይጣመማል፤ በውስጡ ያለው ልብስም አይተርፍም። የግራው ደግሞ ከቺንጋው መራቅ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን የቆመን ሞተር ሳይክል ብቻ አይቶ «ገጠመ» ማለትን ነው። ፓራፋንጎውና ሣጥኑ ከቴላዮው ጋር ባሉበት ሲቆዩ፥ ጎማውና የጎማው ክንድ ጉድጓድ ባገኙ ቁጥር ወደ ላይ ይነሣሉ። የአክስቴ ልጅ ባለቤቱን ከኋላ አፈናጦ የሚሄድ ሰው ነውና፥ ሁለቱም በተቀመጡበት ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ክፍተቱን ይመልከት፤ የእርሷም እግር ከመርገጫው ላይ ሣጥኑን ሳይገፋ ማረፍ ይችል እንደ ሆነ ይጠይቃት። (ወንዶች ይህን መጠየቅ እንረሳለን።) በፓራፋንጎው ድጋፍ ላይ ያሉት ፍሬቻዎችም ከሣጥኑ ኋላ ተሸሽገው ከቀሩ፥ የሚከተለው ሾፌር መታጠፉን ሳያውቅ ይደርስበታል፤ ወደ ኋላ መዛወር አለባቸው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ልኬለት ነበር። በመልሱ የግራውን ሣጥን ፈትቶ ድጋፉን ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ እንዳወጣው ነግሮኛል፤ የቀኙ ገና ነው፥ ባለቤቱም እስከዚያው በአውቶቡስ ትሄዳለች።