የውሃው ገንዘብ የማን ነው?

(ለቀበሌው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ሰሌዳና ጠመኔ ይዘን አልመጣንም። የተሰበሰብነው ከወረዳው ስለ መጣው ወረቀት ለመነጋገር ነው። ወረቀቱ አራት ገጽ ነው። ከእናንተ መካከል የመጀመሪያውን ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበባችሁ እንዳላችሁ ሰምተን ደስ ብሎናል። ነገር ግን ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ያነበቡትን አምኖ መፈረም ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ነገሩን አብረን እንመርምረው።

እኛ ተማሪዎች ነን። ዕድሜያችን ከሃያ ብዙም አልዘለለም። ወደዚህ የመጣነው ተመድበን እንጂ መርጠን አይደለም፤ ይህን አንደብቃችሁም። እጃችንም ለዶማ አዲስ ነው፤ እናንተም አይታችሁ ስቃችሁብናል። ሆኖም ሁለት ወር ሙሉ ከእናንተ ጋር ከአንድ ምንጭ ጠጥተናል። ከብቱም ከዚያው ይጠጣል። ከእኛ ሦስቱ ታመው ሰንብተዋል። የእናንተ ልጆች ስንት ጊዜ እንደ ታመሙ እናንተ ታውቃላችሁ።

ወረቀቱ በአጭሩ የሚለው ይህ ነው። አንድ መንደር ተሰባስቦ የውሃ ጉድጓድ ልቆፍር ብሎ ቢያመለክት፣ ማመልከቻውም ቢጸድቅለት፣ ለሥራው ከሚያስፈልገው ገንዘብ አብዛኛው ከመንግሥት ካዝና ይሰጠዋል። ጥቂቱን መንደሩ ራሱ ያዋጣል። ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውንም የሚቀጥረው ግን የወረዳ ሹም አይደለም። መንደሩ የመረጠው ኮሚቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት ይህ ሲነበብ አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ ብድር ነው። የማዳበሪያውን ዕዳ ገና ከፍለን አልጨረስንም» አሉ። ብዙ ሰውም «እውነት ነው» አለ። አባታችን ይህን ያሉት በከንቱ አይደለም። ወረቀቱ ገንዘቡ የሚወጣው በብድርና ቁጠባው ቤት በኩል ነው ይላል። ከዚያ ቤት ደግሞ ሰው የሚያውቀው ተበድሮ መክፈልን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ አሠራር የተጀመረው እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ነው። የፊንላንድ መንግሥት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ የክልሉን የገጠር ውሃ ሥራ ይረዳ ነበር። መጀመሪያ ላይ ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው በመሥሪያ ቤቶች በኩል ነበር። በ2003፣ ይህም በፈረንጅ ነው፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለመንደሩ ኮሚቴ እንዲደርስ የሚያደርግ አዲስ መንገድ ተሞከረ። ለዚህም የተመረጠው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ለምን ቢባል፣ ባንክ በማይገኝበት ወረዳ እንኳ የእርሱ ቅርንጫፍ ይገኝ ነበር። ተቋሙ በፈረንጅ በ2022 ስሙም ሥራውም ተለውጦ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ከ2011 ወዲህም አሠራሩ ኮዋሽ በሚባል ፕሮግራም ወደ ትግራይ፣ ወደ ኦሮሚያ፣ ወደ ደቡብና ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ወረዳዎች ተስፋፍቶ ብዙ መንደሮች ሠርተውበታል።

ስለዚህ መስኮቱ አንድ ነው፤ ከመስኮቱ የሚወጣው ገንዘብ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ብድር ነው። ተበዳሪው ከነወለዱ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ድጎማ ነው። ያዘመመ ጎጆ በባላ እንደሚደገፍ፣ ድጎማም የጎደለውን አቅም ይደግፋል እንጂ ተመልሶ አይከፈልም። የሚጠየቀው መልስ ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ለተባለው ሥራ መዋሉን በደረሰኝ ማሳየት ነው። አባታችን፣ በወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ «ድጎማ» የሚለውን ቃል ከልጅዎ ጋር ሆነው ይፈልጉት። «ብድር» የሚል ቃል ካገኙ ለእኛም ያሳዩን፤ አብረንዎት አንፈርምም።

ምጽዋት ነው ወይ? ብላችሁም ጠይቃችኋል። አይደለም። ለመሬታችሁ በየዓመቱ ግብር ትከፍላላችሁ። ከሱቅ ብዙ ዕቃ ስትገዙም በዋጋው ውስጥ ቀረጥ አለበት። የመንግሥት ካዝና የሚሞላው ከዚህ ነው። ፊንላንድ ያለውም ሠራተኛ ከደመወዙ ግብር ይከፍላል፤ እርዳታው ከዚያ ይመጣል። እንግዲህ ይህ ገንዘብ የማንም ባለሥልጣን ኪስ አይደለም። ከፊሉ የእናንተው ላብ ነው። ከፊሉ ደግሞ እናንተን አይቶ የማያውቅ የሌላ አገር ሰው ላብ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ባለፈው ወር ማባዛት የተማራችሁ እርሳስ ያዙ። በዚህ አሠራር መንደሩ ቢያንስ ከ100 ብር 15ቱን እንዲያዋጣ ይጠበቃል። ለምሳሌ ያህል የጉድጓዱ ወጪ 100,000 ብር ነው እንበል። የመንደሩ ድርሻ 15,000 ብር ይሆናል። በመንደሩ 50 አባወራና እማወራ ቢኖር ለእያንዳንዱ ቤት 300 ብር ይደርሰዋል። ይህ ለብዙ ቤት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሁሉም በጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። ድንጋይ ማጓጓዝ፣ አሸዋ ማቅረብ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ለግንበኛው ምግብ ማብሰል፣ ሁሉም ዋጋ ተሰጥቶት ይቆጠራል። ደቦ እኮ ታውቃላችሁ። እዚህ የሚለየው እያንዳንዱ ቀን በደብተር መጻፉ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መዋጮ የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከሰው ፈቃድ ውጭ ሲሰበሰብ አይተናል። ደጋፊ የሌላት እናት ከሁለት በሬ ባለቤት እኩል ስትጠየቅ አልወደድነውም። ማን እንደሚያዋጣ፣ ማን እንደሚማር ጉባዔው ራሱ ይወስን። ውሳኔውም በቃለ ጉባዔ ይግባ።

ሌላም መዋጮ አለ፤ እርሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጉድጓዱ ከመሠራቱ በፊት መንደሩ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በስሙ በተከፈተ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። «ያልተወለደ ልጅ ልብስ ይገዛለታል እንዴ?» ብላችሁ ነበር። እንግዲህ የአንዳችንን አገር ታሪክ ስሙ።

ከመካከላችን የአንዱ መንደር ከጥቂት ዓመታት በፊት ፓምፕ ተተክሎለት ነበር። የተከለው ድርጅት ስሙ ይቅር። መኪና መጣ፣ ሰዎች ወረዱ፣ ለመኪናው የሚመች ቦታ ተመረጠ። ማንንም አልጠየቁም። ሥራው በሁለት ሳምንት አለቀና ተጨበጨበ። ውሃውም ወጣ፤ ጥሩ ውሃ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ፓምፑ ቢነቀነቅ ውሃ አልሰጥ አለ። ውስጡ ያለው ጎማ አልቆ ነበር። ጎማ ብቻ! በብዙ የገጠር መንደር የሚተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ የተሠራው መንደሩ ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ጎማው ማለቁ አይቀርም፤ ሲያልቅ ይለወጣል፤ የሠለጠነ ሰው ከመንደሩ ካለ ፈትቶ ይገጥመዋል። እዚያ ግን የሠለጠነ ሰው አልነበረም። ጎማም አልነበረም። ከየቤቱ ጥቂት ብር ተሰብስቦ ነበር፤ ነገር ግን የተጻፈበትን ደብተር ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። እርሱም ከተማ ገባ፤ ደብተሩም አብሮት ሄደ። ሰውዬው ሌባ ይሁን ሐቀኛ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ማን አንብቦ ይመስክር? ልጆች በፓምፑ ጉሮሮ ድንጋይ ጨመሩበት። እናቶችም ወደ ወንዙ ተመለሱ። የጓደኛችን እናት ዛሬም ወንዝ ይወርዳሉ።

ለዚህ ነው ጥገናው አስቀድሞ የሚታሰበው። እንደገና እናስላ። እያንዳንዱ ቤት በወር 5 ብር ቢያስቀምጥ፣ 50 ቤት በወር 250 ብር፣ በዓመት 3,000 ብር ይሆናል። የጎማው ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ ኮሚቴው ገበያ ወጥቶ ይጠይቅና መዋጮው ይበቃ እንደሆነ ይወስን። ኮሚቴው ራሱ ያስተዳደራቸው ጉድጓዶች አብዛኞቹ ከተሠሩ በኋላም ሲያገለግሉ መቆየታቸው በጥናት ታይቷል። እኛን አልገረመንም። ሲሚንቶውን ተከራክሮ የገዛ ሰው ጉድጓዱ ሲሰነጠቅ ዝም ብሎ አያይም።

ስለ ኮሚቴው ደግሞ እንነጋገር። ብዙውን ጊዜ አምስት ሰው ይመረጣል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይኖራል። ገንዘብ የሚወጣው በአንድ ሰው ፊርማ አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ በየደረጃው ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ምን ላይ እንደ ዋለ ሳይታይ ሁለተኛው አይለቀቅም። ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡ በጉባዔ ፊት ይነበባል።

በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ሴቶች ይግቡ ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። አንዲት እናት ግን በትምህርት ሰዓት «ውሃው የእኛ ሥራ ነው፤ የውሃው ስብሰባ ግን የወንዶች ነው» ብለውናል። እኛም መልስ አጣን። እንስራ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ማን ነው? ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚነጥፍ የሚያውቀው ማን ነው? የእኛ አስተያየት ገንዘብ ያዥዋ ሴት ብትሆን ነው። ከማታው ክፍል ደረሰኝ ማንበብና መደመር የሚችሉ ሰባት እናቶች አሉ። ፈትነናቸዋል፤ ከወንዶቹ ይበልጣሉ። ወንዶች አትቀየሙን።

አውራ ጣትን በቀለም ነክሮ ማተም ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። ደረሰኝ ላይ 20 ከረጢት ሲሚንቶ ተጽፎ ግቢ ውስጥ 16 ቢገኝ፣ አራቱ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማንበብ አለበት። ኮሚቴው ብቻ ማንበቡም አይበቃም። ጓደኛችን መንደር የጎደለው ይህ ነበር።

ነገሩ ለውሃ ብቻ አይደለም። ለትምህርት ቤቶች ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተማሪው ቁጥር የሚታሰብ የድጎማ ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በምን ላይ እንደሚውል የወላጆች ተወካዮች እንዲመክሩበት ነው የተደረገው። እናንተም የትምህርት ቤቱን ዕቅድ አሳዩን ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዕድራችሁም ቢሆን ልምዱ አለው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ በመዝገብ ተጽፎ በዓመት አንድ ጊዜ ይቆጠራል አይደል? የዕድሩ ጸሐፊ ይህን ኮሚቴ ቢያስተምሩልን እኛ ከምናስተምረው ይሻላል።

አሁን የቀረው አስቸጋሪው ነገር ነው። በሦስተኛው ገጽ «ጉድጓዱ የሚቆፈርበት ቦታ» የሚል መስመር አለ። ባዶ ነው። የላይ ሠፈር ከዋርካው በላይ ይሁን ይላል፤ የታች ሠፈር ከመስኩ ዳር ይሁን ይላል። ይህን ማንም ሊፈርድላችሁ አይችልም፤ እኛማ ጨርሶ አንችልም። ሆኖም ሁለት ነገር አስቡበት። የመጀመሪያው፣ ውሃ መኖሩን የሚያየው የወረዳው ባለሙያ ነው፤ መምጣት ያለበትም በበጋ ነው፤ በክረምት የትም ቢቆፈር ውሃ ይገኛል። ሁለተኛው፣ የተመረጠው ቦታ የአንድ ሰው ይዞታ ከሆነ ባለይዞታው በፈቃዱ መስጠቱን በጽሑፍ ያረጋግጥ። አለዚያ ጉድጓዱ ከተሠራ በኋላ አጥር ይታጠርበታል፤ ከአጥሩም በኋላ ፍርድ ቤት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ ዋርካ ሥር እንገናኛለን። ከሁለቱም ሠፈር ሁለት ሁለት ሰው ቦታውን ዞሮ ይይ። ወረቀቱን በጉባዔው ፊት የምናነበው እኛ አይደለንም። ከማታው ክፍል አራት ሰው ለአራቱ ገጽ ተመድቧል፤ ሦስተኛውን ገጽ የሚያነቡት «ስብሰባው የወንዶች ነው» ያሉን እናት ናቸው። እስከዚያው መስመሩ ባዶ ይቆያል።