የማኅፀን ሽፋን እንዴት ይታደሳል?



እኛ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች በሹክሹክታ ብቻ ስለሚነገር ነገር ዛሬ በግልጽ እንናገራለን። የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ሁለት ንብር ነው። የላይኛው በየወሩ ከደም ጋር ይወርዳል፤ የታችኛው ግን ይቀራል። የታጨደ ሣር ከሥሩ እንደሚያቈጠቍጥ፣ አዲሱም ሽፋን ከዚያው ይበቅላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004፣ በአውስትራልያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሽፋኑ ውስጥ የስቴም ሴል፣ ማለት ሌሎችን የሚያስገኙ እናት ሕዋሳት፣ ጠባይ ያላቸውን ሕዋሳት አገኙ። ሥሩ ክፉኛ ከተጐዳ ግን ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል፤ ሴቲቱም ልትመክን ትችላለች። በስቴም ሴል ለማዳን ሙከራ አለ፤ ገና የተረጋገጠ ሕክምና አልሆነም።

እንግዲህ የወር አበባ የመታደስ ሥራ እንጂ ነውር አይደለም። እኅቶቻችን በእርሱ አፍረው ከትምህርት ገበታ እንዳይቀሩ ሁላችንም እንርዳቸው።